ኃይሉ መርጊያ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ዓለም መድረክ

የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወግ ሲነሳ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው የድምፃውያን ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ እየተባለ ይቀጥላል። ከኋላቸው ተቀምጦ ዜማውን የሚሸከመው ሙዚቀኛ ግን በካሴቱ ሽፋን ላይ ስሙ ቢጻፍ እንኳ በደቃቅ ፊደል ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይጻፍም። እንዲህ ባለው ልማድ ውስጥ አንድ የኦርጋን ተጫዋች፣ ያውም ዘፋኝ ሳይጨምር፣ በራሱ ስም ገንኖ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ የገነነው ሁለት ጊዜ ነው። አንዴ አዲስ አበባ ላይ በሠላሳ ዓመቱ ግድም፣ ሁለተኛው በዋሺንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ዕድሜው ስልሳ አምስትን ካለፈ በኋላ። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ዝምታ ስደት ላይ ለከረመ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም።

የደጋው ልጅ

ኃይሉ የተወለደው በ1946 በሸዋ፣ ደብረ ብርሃን ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ስትሆን በብርዷም በብርድ ልብሷም ትታወቃለች። አሥር ዓመት ሲሆነው ወደ አዲስ አበባ መጣ።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ በሙዚቃ በኩል አዲስ ነገር የሚፈላባት ከተማ ነበረች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1955 ለንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል ተመርቆ ተከፍቷል። የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ሙዚቃ ክፍሎች እርስ በርሳቸው እየተፎካከሩ ነው። የዚህ ሁሉ ሥር ወደ 1924 ይመለሳል። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ "አርባ ልጆች" የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የናስ መሣሪያ ሙዚቃን በሀገራችን አስፋፉ። ከዚያ ወዲህ ኖታ አንብቦ የሚጫወት ሙዚቀኛ የሚፈልቀው በአብዛኛው ከወታደር ቤት ሆነ። ሙዚቃ የመማር ፍላጎት ያለው የድሃ ልጅ ሌላ በር አልነበረውም ማለት ይቻላል። ዩኒፎርም ለበሰ፣ ቀለቡን አገኘ፣ ኖታውንም ተማረ።

ኃይሉም የገባው በዚሁ በር ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን ትቶ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። እዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ሙዚቃን ማንበብና መጻፍ ተማረ። ከዚያ በፊት ግን በገዛ እጁ አንድ መሣሪያ መነካካት ጀምሮ ነበር፤ አኮርዲዮን።

አኮርዲዮን ዛሬ የሠርግ ቤት ትዝታ ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን የከተማ ሙዚቃ ዋነኛ መሣሪያ ነበር። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ በትከሻ ላይ ይነገታል፣ ድምፁ ያለ ማይክሮፎን አዳራሽ ይሞላል። ቀኝ እጅ ዜማውን በቁልፎቹ ላይ ሲያወጣ ግራ እጅ በአዝራሮቹ ወፍራሙን ድምፅ ይጨምራል፤ ወናፉ ደግሞ እንደ ሰው ትንፋሽ ያስረዝማል፣ ያሳጥራል። አንድ ሰው ብቻውን ኦርኬስትራ ይሆናል ማለት ነው። ለባላገሩ ጆሮም አልከበደም፤ የትዝታን፣ የባቲን፣ የአምባሰልንና የአንቺ ሆዬን ቅኝት እንደ ማሲንቆ እየጎተተ ሊያለቅስበት ይችላል። ኃይሉ በኋላ በኦርጋንና በሲንተሳይዘር ላይ የሚታወቅበት አጨዋወት፣ ድምፁን ይዞ ማንገላታቱና ጫፉን ማጠፉ፣ ከአኮርዲዮን የወረሰው ይመስላል። የፒያኖ ቁልፍ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል፤ የአኮርዲዮን ተጫዋች ግን ድምፁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞት ይቆያል።

ከወታደር ቤት እንደወጣ ማንም ባንድ አልጠበቀውም። በአዲስ አበባና በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች እየዞረ በየክለቡ ተጫወተ። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። የሙዚቀኛ ኑሮ የአብዛኛው ሰው ዓይን የሚንቀው ሥራ በነበረበት ዘመን "አዝማሪ" መባል ምን ያህል ይከብድ እንደነበር የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል።

መሣሪያው የማነው?

የ1960ዎቹ መጨረሻ ሲደርስ ነገሩ ተለወጠ። በ1969 ሂልተን ሆቴል ተከፈተ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ዐምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ዐምሃ ሬከርድስ አቋቋመ። የግል ባንዶች በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ በቀሉ። አኮርዲዮኑም ቀስ በቀስ ለኤሌክትሪክ ኦርጋን ቦታውን ለቀቀ፤ ኃይሉም አብሮ ተሻገረ።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ አሠራር አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ጊታሩ፣ ከበሮው፣ ኦርጋኑ፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ የባለቤቱ ነው፤ ሙዚቀኛው ደግሞ በወር ደመወዝ የሚቀጠር ሰው። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ሙዚቀኛ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ጣቶቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ባንድ የሚባለው ነገር በሙዚቀኞቹ ሳይሆን በቤቱ ስም ይጠራ ነበር። ቤቱ ሲዘጋ ባንዱም ይበተናል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በተባለው ክለብ ይጫወቱ የነበሩት ኃይሉና ጓደኞቹ ይህን ገመድ በጠሱት። የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ዋልያስ ባንድ በሚል ስም ራሳቸውን ቻሉ። ስሙ የስሜን ተራራውን ዋልያ ያስታውሳል። ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በከበሮ፣ ኃይሉ ደግሞ በኦርጋን። የዜማና የቅንብር አዋቂው ግርማ በየነም በፒያኖ ከእነሱ ጋር ሠርቷል። ከአሜሪካ የሚመጣውን የኪንግ ከርቲስን፣ የጁኒየር ዋከርንና የሜሲዮ ፓርከርን ሳክስፎን በሸክላ ይሰሙ ነበርና የእነሱ ፈንክ ከችክችካ ምት ጋር ተጋባ።

መሣሪያ መግዛት እንደ ተራ ነገር የሚታይ አይደለም። ከዋልያስ ዘመን ወዲህ ሙዚቀኛ ከሆቴል ጋር ሲደራደር እንደ ባለ ንብረት ነው። ይህ ለውጥ ከማንኛውም ዘፈን የማይተናነስ ውለታ ነው፤ ሲወራለት ግን ብዙም አይሰማም።

ሂልተንና ሰዓት እላፊ

ዋልያስ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሂልተን ተጫወቱ። የሂልተን እንግዳ ዲፕሎማት፣ የውጭ ነጋዴ፣ የአየር መንገድ ሠራተኛና ገንዘብ ያለው የከተማ ሰው ነው። ለእራት ሰዓት ለስለስ ያለ የፈረንጅ ዜማና ጃዝ፣ ሲመሽ ደግሞ ለዳንስ የሚሆነውን ማቅረብ ግድ ነበር። ይህ ዓይነቱ ሥራ ለሙዚቀኛ ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ሌሊት ከቫልስ እስከ እስክስታ ይሻገራል።

በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ። በ1977 እና 1978 ቀይ ሽብሩ ከተማዋን አጨለማት። የምሽት ኑሮ የሞተ በመሰለበት በዚያ ጊዜ ሆቴሎቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ሰዓት እላፊ ከመድረሱ በፊት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። በሩ ይዘጋና ሙዚቃው እስከ ንጋት ይቀጥላል። ኃይሉና ጓደኞቹም ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ አድረው ጠዋት ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ከሆቴሉ ግቢ ውጪ ምን እየሆነ እንደነበር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ተጨፈረ። ይህን የሚፈርድ ይፍረድ፤ በዚያ ሌሊት ቤቱ ተኝቶ የበር ኳኳታ ሲጠብቅ ያደረ ሰው ግን ለምን እንደተጨፈረ ይገባዋል።

ሌላም ጣጣ ነበር። የዘፈን ግጥም በቅድመ ምርመራ ያልፋል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን የሚመረመር ቃል የለውም። ዋልያስ በመሣሪያ ብቻ ካሴትና ሸክላ ማውጣታቸው በአንድ በኩል የጥበብ ምርጫ፣ በሌላ በኩል ዘመኑ የሰጣቸው ቀዳዳ ነበር። በ1975 "ትዝታ" የተባለውን ካሴት አወጡ። በ1977 ደግሞ "ቼ በለው" የተሰኘውን ሸክላ ቀረጹ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተባበራቸው። ቼ ፈረስ ሲጋልቡ የሚባል ነው፤ አልበሙም ስሙን አላሳፈረም። በውስጡ ያለው "ሙዚቃዊ ስልት" ዛሬ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ይታወቃል። በ1998 ኒው ዮርክ ላይ የተሠራው የዳክታሪስ አልበም ዜማውን እንደገና ተጫውቶታል፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎች ተከተሉ። የመጀመሪያው ሸክላ ቅጂ በሰብሳቢዎች ዘንድ በሺህ በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ሆኗል። በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር "ወደ ሐረር ጉዞ"ን ሠራ። በከተማው ውስጥ ኦርጋን ሲነሳ ስሙ አብሮ የሚነሳበት ዘመን ያ ነበር።

ማን ይመለስ፣ ማን ይቅር

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ሆነው ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ከሀገራችን ዘመናዊ ባንዶች አሜሪካን የዞረ የመጀመሪያው ቡድን ነው። አዳራሹን የሞላው ሰው ግን በአብዛኛው አሜሪካዊ አልነበረም፤ ከደርግ ሸሽቶ የወጣ ሐበሻ ነበር። አሜሪካ የስደተኞችን ሕግ ያወጣችው በ1980 ነበርና በዋሺንግተን፣ በሎስ አንጀለስና በሌሎችም ከተሞች ሕዝባችን ገና መሰባሰብ የጀመረበት ጊዜ ነው። ከሱዳን በረሃ ተርፎ ለመጣ ሰው የሂልተኑን ባንድ በዓይኑ ማየት ምን ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ኃይሉ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ግርማ በየነ ቀሩ። ሂልተንን የሚያስጨፍር ባንድ በአንድ ውሳኔ አለቀ። የተመለሱት ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የቀሩት ግን ከዜሮ ጀመሩ። ግርማ በየነ፣ ያ ሁሉ ዜማና ቅንብር ያፈለቀ ሰው፣ ለብዙ ዓመት ሙዚቃውን ትቶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል። እንደገና በአልበም የተሰማው ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ነው።

ኃይሉ በዋሺንግተን ዙላ የተባለ ባንድ መሥርቶ ከቀሩት ጓደኞቹ ጋር በሐበሻ ምግብ ቤቶች ይጫወት ጀመር። የ1980ዎቹ አዳምስ ሞርጋን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ሙዚቃ ተማረ።

በ1985 ብቻውን ወደ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገባ። አብሮት የገባ ባንድ አልነበረም። የያዘው የልጅነት አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ድራም ማሽንና ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ የወጣውን ያማሃ ዲ.ኤክስ. 7 ነበር። ሁሉንም ራሱ እየደራረበ ተጫወተ። "ሸሞንሟናዬ"፣ "ሐሪ መሩ መሩ"፣ "አምባሰል"፣ "ሽለላ" የመሳሰሉትን የቆዩ ዜማዎች በአኮርዲዮን እየመራ ከኋላ የማሽኑን ምት አስገባ። ወላጆቻችን የጨፈሩበት ድምፅ ከኮምፒውተር ዘመን ድምፅ ጋር ተገናኘ። ውጤቱ እንግዳ ነው፤ ያረጀም አዲስም ይመስላል። ብቻውን አፓርታማ ውስጥ ተቀምጦ ሀገሩን የሚያስብ ሰው ድምፅ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ካሴቱ ሀገር ቤት ገብቶ ተሰማ፤ ከዚያ ግን አዲስ ነገር ሳይከተለው ቀረ።

ደለስ

ዙላ ባንድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መድረክ መውጣቱን አቆመ። ኃይሉ የምሽት ክለብ ንግድም ሞክሮ ነበር፤ እሱም አልዘለቀም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ኑሮውን በታክሲ አደረገ። የሥራ ቦታው በቨርጂንያ የሚገኘው የደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር።

የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራው ከመንዳቱ ይልቅ መጠበቁ ይበዛል። ተራ እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ፖለቲካ ያወራል፣ አንዱ ጋዜጣ ያነባል። ኃይሉ ከመኪናው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ያወጣና የኋላ መቀመጫ ላይ ሆኖ ይለማመድ ነበር። ተራው ሲደርስ ይዘጋዋል፣ መንገደኛውን ያሳፍራል። የሚያሳፍራቸው ሰዎች ማን እንደሚነዳቸው አያውቁም። ሀገር ልጆቹ የሆኑ ሾፌሮች መካከል የሚያውቁት ነበሩ፤ ወጣቶቹ ግን ዋልያስ የሚለውን ስም በእግር ኳስ ቡድኑ እንጂ በባንዱ አያውቁትም። ሙዚቃ አቁሟል ለማለት ግን አይቻልም። ያጣው የሚሰማውን ሰው እንጂ ልምምዱን አይደለም።

ባሕር ዳር ላይ የተገኘ ካሴት

ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካን አሮጌ ካሴቶች ይሰበስባል፤ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ ማተሚያ ቤትም አለው። በ2013 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ባሕር ዳር ላይ ከአንድ ሱቅ ካሴቶች መካከል የ1985ቱን የኃይሉን ሥራ አገኘ። አዳመጠው፣ ተገረመም። ሰውየውን ፈልጎ ስልክ ሲደውል ባለቤቱ ከባሕር ዳር ሳይሆን ከአሜሪካ ዋና ከተማ አጠገብ አነሣ።

"ሸሞንሟናዬ" በዚያው በ2013 እንደገና ታተመ። ሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያልታሰበው ነገር የአድማጩ ዓይነት ነበር። አዲሱ አድማጭ አማርኛ የማያውቅ፣ ሂልተንን ያላየ፣ አብዛኛው ካሴቱ ሲቀረጽ ገና ያልተወለደ ወጣት ነው። የብሩክሊን ወጣት ሙዚቀኞች አጅበውት ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ከዚያም አውሮፓና አውስትራሊያ ተከተሉ። በሀገራችን ቋንቋ ሳይዘፈንበት የሀገራችን ቅኝት ብቻውን አዳራሽ መሙላቱ፣ "ዘፋኝ ከሌለ ሙዚቃ የለም" ለሚለው ልማዳችን ጥሩ መልስ ነው።

የድሮ ሥራዎቹም አንድ በአንድ ተመለሱ፤ "ወደ ሐረር ጉዞ" በ2016፣ የዋልያሱ "ትዝታ" በ2021። በመካከሉ ግን ሰውየው በአሮጌ ካሴት ብቻ መኖርን አልፈለገም። በ2018 "ላላ በሉ" የተባለ አዲስ አልበም አወጣ፤ ከአውስትራሊያውያኑ ቶኒ ባክ በከበሮና ማይክ ማይኮውስኪ በቤዝ ጋር በሦስት ሰው ብቻ። "ጉም ጉም"፣ "አዲስ ናት"፣ "አንቺ ሆዬ ለኔ" ይገኙበታል። የመጨረሻው "የፍቅር እንጉርጉሮ" ግን ከሁሉም ይለያል። ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም፣ ኦርጋንም የለም። አንድ ሰውና አንድ ፒያኖ ብቻ። በየክለቡ፣ በሂልተንና በየምግብ ቤቱ ሁልጊዜ ሰው እያስጨፈረ የኖረ እጅ እዚህ ላይ ለማንም አይቸኩልም። ኃይሉን በኦርጋን ብቻ የሚያውቅ ሰው በቅድሚያ ይህን ቢሰማ መልካም ነው።

ታላላቅ ጋዜጦች ስለ እሱ ሲጽፉ ታክሲውን ገና አላቆመም ነበር። ከኮንሰርት ጉዞ ሲመለስ ወደ ደለስ ተራው ይሄዳል። ጋዜጠኞቹ ይህን እንደ ተረት አደነቁት፤ እዚህ ሀገር ኪራይ የሚከፍል ሐበሻ ግን ብዙም አይደንቀው።

በ2020 "የኔ ምርጫ" የሚል አልበም ተከተለ። በዚህኛው ያጀቡት በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖሩት የራሱ ሰዎች ናቸው፤ ዓለምሰገድ ከበደ በቤዝ፣ ኬኔት ጆሴፍ በከበሮ። ሰጠኝ አጣናው ማሲንቆውን ይዞ ገባ፣ ፀሐይ ካሣ ድምጿን ሰጠች። ሳክስፎኑን የነፋው ደግሞ ሞገስ ሀብቴ ነው፤ ከቬነስ ክለብ ጀምሮ አብሮት የነበረው፣ በዚያ የመለያያ ቀንም አብሮት የቀረው።